ደብረ ብርሃን የኖረ እግር የአልፕስን ቁልቁለት ይችለዋል?

የመሐል ሜዳዋ

ሰላም ለሁላችሁ። የተወለድኩት መንዝ፣ መሐል ሜዳ አካባቢ ነው። ላለፉት 14 ዓመታት ደብረ ብርሃን ውስጥ በመድኃኒት ቤት እሠራለሁ፤ ዕድሜዬ 41 ነው። ታላቅ እህቴ ስዊዘርላንድ፣ ኢንተርላከን ከተማ መኖር ከጀመረች ብዙ ዘመን ሆናት። ዘንድሮ ቪዛው ተሳክቶልኝ ሐምሌ አጋማሽ ላይ ልጠይቃት እሄዳለሁ። ሁለቱ ሴቶች ልጆቿ የእኔን መምጣት ምክንያት አድርገው የተራራ ጉዞ አሰናድተዋል። ሺኒገ ፕላተ ከሚባል ቦታ ተነስቶ፣ ፋውልሆርን የተባለውን ተራራ አልፎ፣ ፊርስት ላይ የሚያበቃ መንገድ ነው። ርዝመቱ 16 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጊዜው ያለ ዕረፍት 6 ሰዓት ያህል ነው ብለውኛል። ቀኑን ሐምሌ 27 ያደረጉት ፍልሰታ ሳይገባ እንዲሆንልኝ ብለው ነው። እዚያ ተወልደው ያደጉ ልጆች ይህን ማሰባቸው ልቤን ነክቶታል።

የጨነቀኝን ልንገራችሁ። እህቴ «ቀላል ነው፣ ሽማግሌዎች ሁሉ ይሄዱታል» ትላለች። ትልቋ ልጅ ግን ለብቻዋ ደውላ «አክስቴ፣ እኔ ባለፈው ዓመት መጨረሻው ላይ አልቅሻለሁ» አለችኝ። እናቴን ብጠይቃት «የጓሳን ብርድ ለብሰሽ ያደግሽ ልጅ ስለ ተራራ ሰው ታማክሪያለሽ?» ብላ ተቆጣች። እውነቷን ነው፤ በልጅነቴ ትምህርት ቤት ደርሼ ለመመለስ በየቀኑ ሦስት ሰዓት እሄድ ነበር። ያ ግን ካለፈ 25 ዓመት ሆኖታል። ዛሬ ቀኑን ሙሉ ባንኮኒ ኋላ ቆሜ እውላለሁ፤ ወደ ሥራ የምሄደውም በባጃጅ ነው። ደረጃ ስወርድ ቀኝ ጉልበቴን ያመኛል። የልጆቹን ደስታ ማበላሸት አልፈልግም፤ መንገድ መሀል ላይ ደክሜ ሸክም ልሆንባቸውም አልፈልግም።

ይህን መንገድ በእግሩ የሄደ ሰው ካለ እባካችሁ ንገሩኝ። ከፍታው ያስቸግረኛል? ምን ዓይነት ጫማ ልያዝ? በቀሩኝ ሁለት ወር ተኩል ምን ብለማመድ ይሻላል?

የጣርማበር ልጅ

እህቴ፣ ቁጥሩን አይተሽ ተረጋጊ። ፋውልሆርን ከባሕር ወለል በላይ 2,681 ሜትር ነው። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ላይ ናት። ከተራራው ጫፍ ከፍ ብለሽ ነው በየቀኑ የምታድሪው! የአገርሽ ጓሳማ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። ፈረንጅ እዚያ ሲያለከልክ አንቺ እየዘመርሽ ታልፊያለሽ። እናትሽ የተናገሩት ትክክል ነው፤ አትፍሪ፣ ሂጂ።

ዘአንኮበር

የጣርማበር ልጅ የጠቀሰው ቁጥር ትክክል ነው። እኔም የተሳሳትኩት በዚሁ ቁጥር ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

አንኮበር ተወልጄ፣ በርን ከተማ 9 ዓመት ኖሬ ነው ወደ አገሬ የተመለስኩት። የጠየቅሽውን መንገድ አራት ጊዜ ሄጄበታለሁ። የመጀመሪያውን ጊዜ በዝርዝር ልንገርሽ፤ የሚጠቅምሽ እርሱ ነው።

ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ነበር። ከአንድ አገሬ ልጅ ጋር ሆነን፣ እኔ «አንኮበር ያደገ ሰው ይህን ምን ይለዋል» እያልኩ፣ ረፋዱ ላይ ተነሳን። ከቪልደርስቪል ተነስቶ ወደ ሺኒገ ፕላተ የሚወጣው ባቡር ከ1893 ጀምሮ የሚሠራ፣ ጥርስ ባለው ሐዲድ ዳገቱን እየነከሰ የሚወጣ አሮጌ ባቡር ነው። ሃምሳ ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ከላይ ስትወርጂ የምታይውን ነገር በቃላት ልገልጸው አልሞክርም፤ በአንድ በኩል አይገር፣ ምዮንሽና ዩንግፍራው በረዷቸውን ለብሰው ተደርድረዋል፣ በሌላ በኩል ደግሞ የብሪየንዝ ሐይቅ ከእግርሽ በታች አረንጓዴ ሆኖ ተዘርግቷል። እኔ ወዲያው ትዝ ያለኝ ከአንኮበር አፋፍ ላይ ቆሜ የአፋርን ቆላ የማይበት ጠዋት ነው። የመጀመሪያዋ ሰዓት እንዲህ ዓይንን እያስደሰተች ታልፋለች፣ መንገዱም ልስልስ ነው።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ የሚለወጠው። መንገዱ የኖራ ድንጋይ ውስጥ ይገባል። ድንጋዩ በብዙ ሺህ ጫማ ተፈግፍጎ ለስልሷል፤ ሌሊት ዝናብ ከዘነበበት እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። እኔ የለበስኩት ሶሉ ያለቀ የከተማ ጫማ ነበር። ዓይኔን ከእግሬ ላይ ማንሳት አልቻልኩም፤ ያን ሁሉ ውበት ሳላየው አለፍኩ። ሜንድለነን የምትባለው የተራራ ማረፊያ ቤት 2,344 ሜትር ላይ ናት። እዚያ ለመድረስ ሦስት ሰዓት ይበቃል የተባለው መንገድ አራት ሰዓት ተኩል ፈጀብን። ከሜንድለነን ወዲያ ያለው ዳገት ደግሞ ቀጥ ያለ ነው፤ በበጋቸው መጀመሪያ ላይ ያደረ በረዶም አይጠፋበትም። በመጨረሻ ፋውልሆርን ጫፍ ደረስን። እዚያ ላይ በ1830ዎቹ የተሠራ ሆቴል አለ። ትንፋሼ ምንም አልሆነም፤ በዚህ ነገር እናትሽም የጣርማበር ልጅም ልክ ናቸው። ተቀምጠን በላን፣ ፎቶ አነሳን፣ ተጫወትን።

ስህተታችን ይህ ነበር። በነሐሴ መጀመሪያ እዚያ አገር ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 3 ሰዓት አካባቢ ነው። እኛ አገር 12 ሰዓት ተኩል ላይ ስለሚጨልም ሰውነታችን ሰዓቱን የሚለካው በብርሃኑ ነው። ፀሐይዋ ከላያችን ስለነበረች ገና ቀን መስሎን ተዘናጋን። ከፊርስት ወደ ግሪንደልቫልድ የሚያወርደው ኬብል ካር ግን ፀሐይን አይጠብቅም፣ ሰዓቱ ሲደርስ ይቆማል። ስንደርስ በሩ ተዘግቶ አገኘነው። ከ2,166 ሜትር እስከ 1,034 ሜትር በእግራችን ወረድን። ከጨለመ በኋላ በስልክ መብራት ነበር የምንሄደው። ጓደኛዬ የሁለቱም አውራ ጣቶቹ ጥፍር ጠቁሮ ወለቀ። እኔ ለአራት ቀን ደረጃ የወረድኩት ወደ ኋላ ዞሬ ነው።

ስለዚህ እህቴ፣ ከፍታው አያስጨንቅሽ። የሚፈትኑሽ ቁልቁለቱና ሰዓቱ ናቸው።

ከልጆቹ ጋር አሁኑኑ የምትስማሙበትን ነገር ልንገርሽ። የመጀመሪያውን ባቡር ያዙ። የሚለጠፉት ቢጫ የመንገድ ምልክቶች ላይ የተጻፈው ሰዓት ዕረፍትን አይጨምርም፤ 6 ሰዓት ካለ አንቺ 8 ብለሽ ያዢ። ከመነሳታችሁ በፊት የኬብል ካሩን የመጨረሻ ሰዓትና የመመለሻውን ባቡር የመጨረሻ ሰዓት ከዕለቱ ሰሌዳ ላይ ጻፉ። የእነርሱ 13 ሰዓት የእኛ ከቀኑ 7 ሰዓት መሆኑንም አትርሺ፤ በዚህ ተሳስተው ባቡር ያመለጣቸው የአገራችን ሰዎች አውቃለሁ። ሜንድለነን በእኛ አቆጣጠር እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ካልደረሳችሁ ሻይ ጠጥታችሁ በመጣችሁበት ተመለሱ። ይህን እዚያ ደርሳችሁ አትወስኑት፤ ዛሬ በስልክ ወስኑት። ደክሞት ጫፉን እያየ የሚቆም ሰው መመለስን መምረጥ ይከብደዋል፣ እኔ አይቼዋለሁ። ከሜንድለነን ካለፋችሁ በኋላ ግን መመለሱ ከመቀጠሉ ይረዝማል።

ድንጋይ ላይ የተቀባውን ቀለም ተከተሉ። ነጭ፣ ቀይ፣ ነጭ ከሆነ የተራራ መንገድ ነው፣ የእናንተም እርሱ ነው። ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ካያችሁ ገመድና ልምድ የሚጠይቅ መንገድ ላይ ልትገቡ ስለሆነ ተመለሱ።

ሰማዩን በተመለከተ፣ በበጋቸው ነጎድጓድ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው። ከሜንድለነን እስከ ፋውልሆርን ያለው ሸንተረር መጠለያ የለውም። መብረቅ ብልጭ ካለ በኋላ ድምፁ እስኪሰማ ቁጠሪ፤ ሦስት ሴኮንድ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። ከሠላሳ በታች ከቆጠርሽ ሸንተረሩ ላይ መቆየት አይገባም። ጠዋት የአየር ትንበያው ነጎድጓድ ካለ ጉዞውን ለሌላ ቀን አሳድሩት።

ልብስ ላይ መንዜን የሚመክር ሰው መሆኔን ይቅር በዪኝ። የጥጥ ካናቴራ በላብ ይርሳል፣ ቆም ስትዪ ያንቀጠቅጥሻል። ሱፍ ግን ረጥቦም ይሞቃል፤ በርኖስና ባና ውስጥ ያደገ ሰው ይህን ያውቀዋል። ከፍታ በጨመረ በየ100 ሜትሩ ሙቀቱ 0.6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ኢንተርላከን 568 ሜትር ላይ ስለሆነች፣ እዚያ 25 ዲግሪ ሆኖ ስትነሱ ጫፉ ላይ 12 አካባቢ ይጠብቃችኋል፣ ነፋሱ ሳይቆጠር ነው። የዝናብ ካፖርት የግድ ነው።

ጫማውን አሁን ግዢ። ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን፣ ሶሉ ጥልቅ ጥርስ ያለው፣ በወፍራም ካልሲ ለክተሽ ጣትሽ ከፊት የማይነካበት ይሁን። መርካቶም ከሰልባጁ መሀል ደኅና ይገኛል፤ ሶሉ እንዳልደረቀ አጥፈሽ እይው። እህትሽ እዚያ ገዝታ ብትጠብቅሽ አዲስ ጫማ ይዘሽ ተራራ ላይ ትወጫለሽ፣ ያ ደግሞ በሁለተኛው ሰዓት ተረከዝሽን ይልጠዋል። እዚያ ሁለት የመራመጃ ዱላ ተበደሪ። ለስንቅ በሶና ቆሎ ይዘሽ ሂጂ፤ እኔ ከሁለተኛው ጉዞ ጀምሮ በሶ ሳልይዝ ወጥቼ አላውቅም። ውኃ ሁለት ሊትር ያዢ፣ በዚያ የኖራ ድንጋይ ላይ ምንጭ እምብዛም አታገኚም።

የቪዛ የጉዞ ዋስትናሽ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሕክምና ወጪ መሸፈን እንዳለበት ታውቂያለሽ። ነገር ግን ከተራራ ላይ በሄሊኮፕተር መነሳትን ይጨምር እንደሆነ ወረቀቱን አንብቢው። የስዊዘርላንድ የአየር ነፍስ አድን ስልክ 1414 ነው፣ 112ም ይሠራል። ስልክ ከሌለ በፉጨት ወይም በመብራት በደቂቃ ስድስት ጊዜ፣ ከዚያ አንድ ደቂቃ ዝም ብሎ እንደገና ስድስት ጊዜ ማሰማት የአልፕስ የእርዳታ ጥሪ ነው። ሄሊኮፕተር ሲመጣ ሁለቱን እጅ ወደ ላይ መዘርጋት «እርዱን» ማለት ነው። ደስ ብሎሽ አንድ እጅም ሁለት እጅም አታውለብልቢለት።

ፊዚዮቴራፒስት ከደብረ ብርሃን

ወንድማችን ስለ ቁልቁለት የተናገሩትን ከሙያዬ ላጠናክር። ዳገት ስንወጣ የጭን ጡንቻ እያጠረ ይሠራል። ስንወርድ ግን ክብደታችንን የሚያቆመው እየተለጠጠ ነው፤ ጡንቻን የሚጎዳውና በሁለተኛው ቀን የሚብሰውን ሕመም የሚያመጣው ይህ ነው። መልካሙ ዜና፣ አንድ ጊዜ ቁልቁለት የቀመሰ ጡንቻ ለሳምንታት ያንን ያስታውሳል፤ ሁለተኛው ጊዜ በጣም ይቀላል። ስለዚህ ሜዳ ላይ መሮጥ ብቻ አይበቃሽም፣ መውረድን ተለማመጂ። ቤት ውስጥ ደግሞ አንድ ደረጃ ላይ ቆመሽ በአንድ እግር ቀስ ብለሽ ሌላውን ተረከዝ መሬት አስነክተሽ ተመለሺ፤ በየእግሩ አሥር ጊዜ፣ በሳምንት ሦስት ቀን። ጉልበትሽ የሚያብጥ፣ የሚቆለፍ ወይም የሚከዳሽ ከሆነ ግን መጀመሪያ ይታይ፤ ልምምዱን ከምርመራው በኋላ ጀምሪ።

ስለ ከፍታ አንድ ነገር ልጨምር። የከፍታ ሕመም በአብዛኛው ከ2,500 ሜትር በላይ ላልለመደ ሰው ነው። አንቺ ለምደሻል፤ ሆኖም ኢንተርላከን ሁለት ሳምንት ከተቀመጥሽ በኋላ ልማዱ ትንሽ ይቀንሳል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከተሰማሽ «እኔ እኮ የደጋ ሰው ነኝ» ብለሽ አትደብቂው።

የመሐል ሜዳዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ጋሼ ዘአንኮበር፣ የጻፉትን ለእናቴ አነበብኩላት። የጥፍሩ ጋ ስደርስ «በቃ፣ ጫማውን ግዢ» አለችኝ። ለልጆቹም በስልክ ተርጉሜላቸው የሜንድለነንን ሰዓት ተስማምተናል፤ ትንሿ ልጅ ወረቀት ላይ ጽፋ ፈርማ ፎቶውን ላከችልኝ።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። አየሩ ተበላሽቶ ጉዞው ነሐሴ 2 ወይም 3 ላይ ቢወድቅስ? እስከ 9 ሰዓት ጾሜ ያን መንገድ እችለዋለሁ? ሁለተኛ፣ የት ሄጄ ልለማመድ? ደብረ ብርሃን ዙሪያው ሜዳ ነው።

ዘአንኮበር

ስለ ጾሙ የንስሐ አባትሽን አስቀድመሽ አማክሪ፤ መንገደኛን በተመለከተ የሚሉሽ አይጠፋም። እኔ ግን አንድ ነገር በግልጽ እነግርሻለሁ፦ ባዶ ሆድሽን፣ ውኃ ሳትጠጪ ወደዚያ መንገድ አትግቢ። እህል ውኃ ሳይቀምሱ መዋል ከፈለግሽ የዚያን ቀን ከቤት ውለሽ፣ ተራራውን ለልጆቹ ተዪላቸው። ጾሙን ለማክበር ስትዪ ገደል አጠገብ ራስሽን ብትስቺ የሚሸከሙሽ እነዚያ ሁለት ልጆች ናቸው።

ሌላም ምርጫ አለ። ከግሪንደልቫልድ በኬብል ካር ፊርስት ድረስ ወጥታችሁ ባኽአልፕዜ ወደሚባለው ሐይቅ መሄድ ትችላላችሁ፣ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። 2,265 ሜትር ላይ ያለ ሐይቅ ነው፤ ነፋስ በሌለበት ጠዋት ተራሮቹ ተገልብጠው ይታዩበታል። ጉልበትሽ ከፈቀደ ከዚያ እስከ ፋውልሆርን ቀጥለሽ በዚያው መመለስ ነው። ስትመለሺ መንገዱን ስለምታውቂው ሰዓቱን ትቆጣጠሪዋለሽ። ትልቁን ጉዞ ከማድረጋችሁ ከአራት አምስት ቀን በፊት ይህን ብትሞክሩት እግርሽ ምን እንደሚል ታውቂያለሽ።

ለልምምድ አንኮበር ነይ። ቤተ መንግሥቱ የነበረበትን ኮረብታ ውጪና ውረጂ፤ መጀመሪያ ቀን ሁለት ጊዜ፣ በወሩ መጨረሻ አምስት ጊዜ። ከዚያ መንገዱ ሰላም በሆነበት ቀን ገበያተኞች ጋር ወደ አልዩ አምባ ውረጂ። የጥንቱ ነጋዴ ግመሉን ወደ ባሕር የሚነዳበት መንገድ ነው፤ ለጉልበት ከዚያ የተሻለ አስተማሪ አላውቅም። ሽቅቡን በመኪና ተመለሺ፤ የምትለማመጂው መውረዱን ነው። ብቻሽን አትሂጂ። ክረምቱ በደንብ ሳይገባ ጨርሺው፣ በሐምሌ ጭቃው ጉልበት ይሰብራል።

የጣርማበር ልጅ

ቁጥር አይቼ ብቻ «ሂጂ» ማለቴ አሳስቦኛል። እህቴ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጓደኛ ካጣሽ እኔና እህቴ አንኮበር ድረስ አብረንሽ እንወጣለን። እኔም ከዋሻው በታች ደብረ ሲና ድረስ በእግሬ ወርጄ አላውቅም፤ ሁልጊዜ በመኪና ነው።

የመሐል ሜዳዋ

ሰኔ 16 ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው። ጫማውን መርካቶ አገኘሁት፤ ሰባት ሳምንት ሙሉ መድኃኒት ቤቱ ውስጥ አድርጌው ቆምኩ፣ ደንበኞች ምን ሆነሽ ነው እያሉ ይጠይቁኝ ነበር። የአንኮበርን ኮረብታ በአንድ ጠዋት አራት ጊዜ ወጥቼ ወርጃለሁ። የጣርማበር ልጅና እህቱ ቃላቸውን ጠብቀው ሦስት ቅዳሜ አብረውኝ መጥተዋል፤ ዛሬ እንደ ቤተሰብ ሆነናል።

አልዩ አምባ ሁለት ጊዜ ወረድን። የመጀመሪያው ቀን ጨው ተሸክመው የሚሄዱ እናት፣ ዕድሜያቸው ከሰባ የማያንስ፣ በኮንጎ ጫማ አልፈውን ሄዱ። «ልጄ፣ ተረከዝሽን አትትከዪ፤ አጠር አጠር አድርገሽ ተራመጂ፣ ጉልበትሽን ትንሽ እጠፊው» አሉኝ። እንዳሉኝ ሳደርግ ሕመሙ ቀለል አለልኝ። ያም ሆኖ ሦስት ቀን ጭኔን ይዤ ነው የሠራሁት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስንወርድ ግን ያመመኝ አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ፊዚዮቴራፒስቱ እንደነገሩኝ ሆነ። ጉልበቴንም አስመርምሬያለሁ፣ እብጠት የለም፣ ልምምዱን ቀጥዪ ተብያለሁ።

ከልጆቹ ጋር የወሰንነው እንዲህ ነው። ሐምሌ 22 ከፊርስት እስከ ሐይቁ ሄደን እንመለሳለን። በማግስቱና በሦስተኛው ቀን ደረጃ ስወርድ ጉልበቴ ዝም ካለ ሐምሌ 27 ትልቁን እንጀምራለን። ካላለ ልጆቹ ከሺኒገ ፕላተ ይነሳሉ፣ እኔ ከፊርስት በኩል ሐይቁ ድረስ ሄጄ እጠብቃቸዋለሁ። ትልቋ ልጅ ይህን ስነግራት ዝም ብላ ቆይታ «እንዲህ ከሆነ እኔም ዘንድሮ አላለቅስም» አለች። በሶውን እናቴ ራሷ እየቆላች ነው፤ ለስምንት ሰው የሚበቃ ይመስለኛል።

ዘአንኮበር

ከሐይቁ ጋ የምትጠብቂያቸው ከሆነ ሱፉን ደርበሽ ተቀመጪ፤ ቁጭ ያለ ሰው ከሚሄደው ይልቅ ይበርደዋል። ከቀጠላችሁም ሜንድለነን በስንት ሰዓት እንደደረሳችሁ ጻፊልን።